ሰማያዊው ማክሰኞ

ኮኮብ የትምህርት ፕሮግራሟን በአምስት ቀለም ቀብታ ፍሪጁ በር ላይ ለጠፈችው። እሑድ ኬሚስትሪና ሒሳብ፣ ቢጫ። ሰኞ ባዮሎጂ፣ አረንጓዴ። ማክሰኞ ላቦራቶሪ፣ ሰማያዊ። ረቡዕ ስታቲስቲክስ፣ ሐሙስ ደግሞ ስለ ፋርማሲ ሥራ መግቢያ። አንደኛ ዓመት ገብቶ ወዲያው መድኃኒት የሚማር የመሰለው ሰው ይሳሳታል፤ መድኃኒት የሚባለው ነገር የሚነሳው ሐሙስ ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው። እናቷ ወይዘሮ ጸዳለ ፊደል አልቆጠሩም፣ ዕብራይስጥም እምብዛም አይገባቸውም፤ ቀለሞቹን ግን በመጀመሪያው ሳምንት አንድ በአንድ ጠይቀው ያዙ።

ከሁሉም የሚያስፈራው ሰማያዊው ነው። የላቦራቶሪው በር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። ጋውን የሌለው፣ ጠጉሩን ያላሰረ፣ ክፍት ጫማ ያደረገ አይገባም። የሳምንቱ ዘገባ እዚያው በር ላይ ይሰጣል። አንድ ጊዜ መቅረት ይቻላል፤ ሁለተኛ የቀረ ኮርሱን ከርሞ ይደግማል፣ የሁለተኛ ዓመቱንም ኬሚስትሪ እስኪጨርሰው ድረስ አይነካም። ኮኮብ ያቺን አንድ ቀሪ እናቷን የዓይን ሐኪም ዘንድ ይዛ ሄዳ ስታስተረጉም ጨርሳታለች።

የእናቷ የልብ ሐኪም ቀጠሮም ማክሰኞ ጠዋት ላይ ዋለ።

«ሌላ ቀን የለም?»

«ከአራት ወር ወዲያ ነው አሉኝ። ሂጂ ልጄ፣ ትምህርትሽን ተማሪ። ሱዳንን በእግሯ ያቋረጠች ሴት የኩፓት ሖሊም ክሊኒክ ይጠፋታል?»

ኮኮብ እፎይ አለች። በኋላ ከሁሉ አብልጦ ያንገበገባት ያ እፎይታ ነው።

ማታ እናቷ አዲስ የደም ግፊት መድኃኒት ይዘው ገቡ።

«ምን አለሽ ሐኪሙ?»

«ቤሰደር ነው፣ ሁሉ ደህና ነው። በየጠዋቱ አንድ ዋጪ አለኝ።»

ኮኮብ የዘገባዋ አምስተኛ ገጽ ላይ ነበረች። ካርቶኑን ቀና ብላ አላየችም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ሐሙስ ዕለት መምህሩ ሁለት ካርቶን፣ አንዱን ቀይ፣ አንዱን አረንጓዴ፣ ከፍ አድርጎ አሳየ። «ውስጡ ያው አንድ መድኃኒት ነው፤ የሚለየው ፋብሪካው። ሁለቱንም የሚውጥ ሰው እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። እግሩ ያብጣል፣ ራሱን ያዞረዋል።» ክፍሉ ሁሉ ጻፈ። ኮኮብ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እናቷ ሰሞኑን ሱቅ እንኳ በነጠላ ጫማ ነበር የሚወጡት፤ እሷም «እማዬ፣ ፋሽን ጀመርሽ እንዴ?» ብላ ስቃባቸው ነበር።

በሜትሮኒቱ አውቶቡስ ሰፈራቸው ክርያት ያም እስክትደርስ አልተቀመጠችም። ቤት ገብታ መሳቢያውን ሳበች። የአሮጌውም የአዲሱም ካርቶን ተከፍቷል፣ ውስጣቸው ያለው መድኃኒት ያው አንድ ነው፤ ከሁለቱም እኩል ጎድሏል።

«ሁለቱንም ነው የምትውጪው?»

«አዎ። አሮጌውን ጣይው አላለኝም።»

«በዕብራይስጥ ብሎሽ ይሆናላ።»

«እንጃ። የተማረ ሰው እያወራ አልገባኝም ይባላል? ነውር አይደለም? እሺ፣ ቤሰደር አልሁት።»

«እግርሽ ሲያብጥስ ለምን ደበቅሽኝ?»

«ፈተና ላይ ነሽ። ለመንገደኛ መርዶ አይነገርም።»

ኮኮብ እናቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ ያበጠውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚህ እግር አጠገብ ተቀምጣ በዘገባዋ የአሲድ ጠብታ ስትቆጥር ከርማለች።

የክሊኒኩ ነርስ በስልክ አሮጌው አሁኑኑ ይቁም አለች፤ ከባሰባቸው ድንገተኛ ክፍል፣ ካልባሰባቸው ማክሰኞ በሁለት ሰዓት ሐኪሙ ዘንድ። ኮኮብ ለላቦራቶሪ ኃላፊዋ ለሪታል ደወለችላት።

«ኮኮቢ፣ አዝናለሁ» አለች ሪታል። «ላንቺ ብከፍት ለአርባው ተማሪ ልከፍት ነው። ለኮሚቴው ጻፊ፤ ተስፋ ግን አልሰጥሽም።»

ማክሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ጸዳለ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ፣ «ላቦራቶሪሽስ?» አሉ።

«ዛሬ የለም። ተሰርዟል።»

ሐኪሙ ተናግሮ ሲጨርስ ኮኮብ በአማርኛ ደገመችላቸው። እናቷ ራሳቸውን ነቅንቀው «ቤሰ...» ብለው ሲጀምሩ እጃቸውን ያዝ አደረገቻቸው።

«ቤሰደር አትበይ። የገባሽን መልሰሽ ንገሪኝ።»

«እንደ ተማሪ?»

«እንደ ተማሪ።»

«አሮጌውን ጣልሁ። አዲሱን ጠዋት ጠዋት አንድ።»

«ቢያዞርሽስ?»

«እነግርሻለሁ።»

«ፈተና ላይ ብሆንም?»

ወይዘሮ ጸዳለ ሐኪሙን አዩት፣ መሬቱን አዩ። «ብትሆኚም» አሉ።

ቤት ሲመለሱ ውሃ ሊጠጡ ፍሪጁን ሊከፍቱ ሄዱና እጃቸው ሰማያዊው ላይ ቀረ።

«ከዚህኛው መቅረት የሚቻለው ስንት ጊዜ ነው ያልሽኝ?»

«እማዬ፣ ተሰርዟል አልሁሽ እኮ።»

ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ እጃቸውን ከወረቀቱ አነሱና ውሃውን አወጡ።

«ቤሰደር» አሉ።