ስሙ የተጠራው ቅጠል

ዛሬ ጠዋት ልጆቹን ፊደል ሳስቆጥር፣ ከዛፋችን በታች ሴቶች ለግብሩ ድግስ ጠላ የሚሆነውን ጋን በግራዋ ያጥቡ ነበር። የጋን ሽታ የሚለቀው በዚህ ቅጠል ሲታሽ ነው። መራራው ሽታ ሲደርሰኝ አባቴ ትዝ አለኝ።

እዚሁ አንኮበር ነው፤ ሕፃን ነበርኩ። አባቴ ውኃ አልጠግብ አለ፤ እየከሳም ሄደ። ጓሮ በሸናበት ቦታ ጉንዳን ይሰፍር ነበር፤ ሽንቱ ጣፍጦ ነው አሉ። መድኃኒት አዋቂዋ እኅቱ በየማለዳው ቅጠል ወቅጣ፣ ጨምቃ ታጠጣው ጀመር። ቅጠሉን ግን ለማንም አታሳይም፤ የመድኃኒት ስም ከተጠራ ኃይሉ ይጠፋል ይባላልና። ሲሰነብት ጥሙ በረደለት፤ ጉንዳኑም ቀነሰ።

አንድ ቀን ከዋንጫው ተጎነጨና ፊቱን አኮማትሮ ሳቀ።

«እታለም፣ ጋን አደረግሽኝ እኮ። ይኼ ግራዋ አይደለም?»

አክስቴ አልሳቀችም። ዋንጫውን ተቀብላ የቀረውን ደጅ ደፋችው።

«ስሙን ጠራኸው» አለች። «ከእንግዲህ ቅጠል ብቻ ነው።»

ነገሩ አልገባኝም፤ ግራዋው ከአጥራችን ሥር እንደለመለመ ነበር። አባቴ ግን አመናት፤ ዳግመኛ አልጠጣም። ጉንዳኑ ተመለሰ። ክረምቱ ሳይወጣ አባቴን ቀበርነው።

ቢጠጣ ይተርፍ እንደነበር አላውቅም። ዛሬ ግን ከጋኑ አጠገብ የወደቀ ቅጠል አንሥቼ ለልጆቹ አሳየኋቸው።

«ምንድን ነው፣ የኔታ?» አለ አንዱ።

«ግራዋ። ሁላችሁም በሉ።»

ባንድ ድምፅ ጠሩት። ቅጠሉን ቀመስኩት፤ ምሬቱ እንዳለ ነው።