ዲያቆን የነበረው እጮኛዬ

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰባዎቹ አጋማሽ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የኛ የምንለው ቤተ ክርስቲያን አልነበረንም። ቄስም አልነበረንም። እኔ ነርሲንግ እየተማርኩ ሳንታ ሞኒካ በሚገኝ ሆስፒታል በረዳትነት እሠራ ነበር። እጮኛዬ ምህንድስና ጨርሶ ሃውቶርን ባለ የአውሮፕላን ፋብሪካ ንድፍ ይሠራል። ልጅ ሳለ ዲያቆን እንደነበረ አንድ ቀን እንደ ቀልድ ነግሮኝ ወዲያው ወሬውን ቀይሮታል።

በዚያን ጊዜ ለሕክምና ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት ባልቴት እኔ በምሠራበት ክፍል ተኙ። እትዬ እላቸው ነበር። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ሐኪሞቹ የሚሉትን የማስረዳቸው እኔ ነኝ። ሕመማቸው እንደማይድን የነገርኳቸውም እኔው ነበርኩ። አላለቀሱም። መናዘዝ ስለፈለጉ ቄስ እንዳመጣላቸው ብቻ ለመኑኝ።

የማውቀውን ሰው ሁሉ ጠይቄ ሳጣ እጮኛዬን ለመንኩት። ድቁናውን ከተወ ብዙ ዘመኑ እንደሆነ፣ ቢፈልግም ማናዘዝ እንደማይችል ነገረኝ። ጸሎት ብቻ እንዲያደርስላቸው ብዬ ስነዘንዘው በማግስቱ ከሥራ ወጥቶ መጣ።

አልጋቸው አጠገብ ቆሞ በግዕዝ ሲጀምር ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቆይቶ ግን ተስተካከለ። አንድም ቃል አልጠፋውም። እትዬ ዐይናቸውን ጨፍነው በከንፈራቸው ተከተሉት። ሲጨርስ እንዲያናዝዛቸው ጠየቁት። እሱም ሥልጣኑ እንደሌለው አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው። እትዬም እጁን ያዙት።

«ለእኔ አልደረስክም፣ ልጄ። ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ግን ድረስለት።»

ሳይናዘዙ ሞቱ። ከአርመኖች ጋር በሃይማኖት ስለምንቀራረብ አንድ የአርመን ቄስ ለምነን እሳቸው ቀበሩልን። በቋንቋቸው ከሚሉት የገባን ነገር አልነበረም። አሜን የሚባልበትን እየጠበቅን አብረን አሜን አልን።

ከቀብር ስንመለስ እጮኛዬ መኪናውን አፓርታማዬ በር ላይ ፓርክ አድርጎ ሞተሩን አጠፋ። እኔም በእትዬ አልጋ አጠገብ እንደሆነው ሆኖ ከተዋወቅን ጀምሮ አይቼው እንደማላውቅ፣ እውነተኛ ሥራው ያ እንደሚመስለኝ ነገርኩት።

«ድቁና ያስገቡኝ አባቴ ናቸው፤ እኔ አልመረጥኩትም» አለ።

«እንግዲያው አሁን ምረጠው።»

መሪውን ለቆ አየኝ። በኛ ሥርዓት ዲያቆን ካልመነኮሰ በቀር ቅስና የሚቀበለው ካገባ በኋላ ስለሆነ ነገሩ እኔንም ይመለከታል።

«አንቺስ የቄስ ሚስት መሆን ትችያለሽ?»

አፍሮ ጸጉሬንና አጭር ቀሚሴን አሰብኩ።

«እፈራለሁ» አልኩት። «ቢሆንም እኔን ምክንያት አታድርገኝ።»

በኋላ አፈላልገን ወዳገኘናቸው፣ ሌላ ከተማ ወደሚኖሩ አንድ አረጋዊ ቄስ እየተመላለሰ የረሳውን ከለሰ። በተክሊል ተጋባን። በኋላም አንድ ጳጳስ አሜሪካን ሊጎበኙ ሲመጡ ቀሰሰ። ፋብሪካውን አልተወም። እሑድ እሑድ ፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ በተዋስነው አዳራሽ ያስጸልያል፤ የታመመ ሲኖርም ከሥራ በቀጥታ እየሄደ ያናዝዛል። ቅዳሴ ግን ብቻውን ሊቀድስ አይችልም፤ አብረውት የሚቆሙ ዲያቆናትና ሌሎች ልኡካን ያስፈልጉት ነበር።

ያን ጊዜ ዲያቆን የነበረ ሰው ማፈላለግ የእኔ ሥራ ሆነ። ከኋላ ቆሞ ዜማውን በከንፈሩ የሚከተል ወጣት ሳይ ጠጋ ብዬ የት እንደተማረ እጠይቀዋለሁ። አብዛኞቹ ፈገግ ብለው ያልፉኛል። ከጋርዴና የሚመጣ አንድ ተማሪ ግን ፊቱን አጥቁሮ፣ ድቁናውን ከተወ እንደቆየ፣ ከአገር ቤት የሚሰማው የእስርና የግድያ ወሬም ጸሎቱን እንዳስጠላው ነገረኝ። አልተከራከርኩትም። ስለ እትዬ ነገርኩት፤ ባለቤቴም ያን ቀን እንዴት አንገቱን እንደደፋ ነገርኩት። ሰምቶኝ ወጥቶ ሄደ።

ለብዙ ሳምንታት ጠፋ። ተቀይሞኛል ብዬ አዝኜ ነበር። አንድ እሑድ ጸሎት ሳይጀመር ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ መጣና በቀጥታ ወደ ባለቤቴ ሄደ።

«አባ፣ የት ልቁም?» አለው።

ባለቤቴ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ከዚያ በቀኙ በኩል ቦታ ለቀቀለት።