«ካናቴራ ሰጥቼሽ የለም ወይ?»

ከባሕር ዳር የወጣሁ ማታ እኅቴ ዘይነባ አላለቀሰችም። ሻንጣዬን እየዘጋች፣ «ሰዒድዬ፣ አንተ ሄድህ፤ ወንበርህ ግን እዚሁ ነው» አለችኝ። ወንበር የምትለው በዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ያለኝን አባልነት ነው። ከአባታችን የወረስሁት እኔ ነኝ፤ መረቡን የምትጠግነው፣ ዓሣውን የምትበልተው፣ መሸንቲ ገበያ ድረስ ወስዳ የምትሸጠው ግን እሷ ናት። አባል ካልሆነች በጀልባችን ላይ እንኳ ማዘዝ አትችልም። ስለዚህ ከመውጣቴ በፊት ሊቀመንበሩን፣ «ጋሼ፣ በእኔ ቦታ እሷን ያስገቡልኝ» ብዬ ለመንኋቸው። «እናየዋለን፤ ሴቶቹም አባል እንሁን የሚል ጥያቄ አንሥተዋል» አሉኝ። ይህን ተስፋ ይዤ ሄድሁ።

ኢስታንቡል ስገባ የገረመኝ ብርዱ አይደለም፤ ባሕሩ ነው። ጨው ጨው ይሸታል። ጣት የምታህል ዓሣ ጠብሰው ከነአጥንቷ በዳቦ ይበላሉ። የእኛን አምባዛ ቢያዩ ዛፍ ላይ የሚወጡ ይመስለኛል።

ሥራ ያገኘሁት ካናቴራ ላይ ጽሑፍ በሚያትም ምድር ቤት ነው። አሠሪያችንን ሁሉም «ፓትሮን» ይለዋል፣ አለቃ ማለት ነው። የሴቶች ቀን ሲቃረብ ሐምራዊ ካናቴራ በየካርቶኑ መጣ። ቋንቋቸውን በስልኬ እየተማርሁ ነበርና የምናትመውን ፊደል እየቆጠርሁ አነበብሁት፤ «ድምፃችን አይታፈንም» ይላል። እውነቴን ነው የምላችሁ፤ ዘይነባን የሚያውቋት መሰለኝ። አንድም ፊደል ሳይደበዝዝ አተምሁ።

በዚያው ሳምንት ካናቴራውን የምትሰፋው አይሼ ከወንዶቹ እኩል እንዲከፈላት ፓትሮንን ጠየቀችው።

«ካናቴራ ሰጥቼሽ የለም ወይ?» አላት።

«ፓትሮን፣ ካናቴራ አይበላም።»

«በነጻ እኮ ነው የሰጠሁሽ! ደረቱን አንብቢው፤ ሁሉም ተጽፎልሻል።»

ወንዶቹ ሳቁ። ቅዳሜ ስገባ በአይሼ ማሽን ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች፤ ያንኑ ካናቴራ ለብሳ።

ለዘይነባ ደወልሁ። የፓትሮንን መልስ ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

«ለእኛም ካናቴራ ሰጡን» አለች። «አንድ የሳሙና ነጋዴ አምጥቶ። 'ሴት ትችላለች' ይላል፤ ከሥሩ ሳሙናው ተሥሏል።»

«የት ነው የሰጧችሁ?»

«የማኅበሩ ስብሰባ ላይ። እኔን መሀል አቁመው ፎቶ አነሡን። ከዚያ ጥያቄያችንን ላነሣ ስል ሊቀመንበሩ፣ 'ዛሬማ በዓላችሁ ነው፣ ክርክሩ ይቅር፤ ይልቅ ዓሣውን ጥበሱልን' አሉ።»

«አባልነቱስ?»

«እሱማ ያንተ ነው። ስምህን ጠርተው፣ 'ውጭ አገር ያለው አባላችን' ሲሉ ሰዉ አጨበጨበልህ።»

«አንቺስ?»

«እኔም አጨበጨብሁ። ሁሉም ዞሮ ሲያየኝ ምን ላድርግ?»

«አሁኑኑ ለሊቀመንበሩ እደውላለሁ» አልኋት።

«ደውል» አለች። «አንተን ይሰሙሃል።»