ሽቅብ የማይሄደው በርሜል

ጎርፉ ቤታችንን ከወሰደው ወዲህ የምንኖረው ኮረብታ ላይ በተሠራ መጠለያ ነው። ግድግዳ የምንጋራው ጉልበታቸውን ከሚያማቸው አሮጊት ጋር ነው፤ እማማ እላቸዋለሁ። የማወራችሁ ግን ስለ ልጃቸው ነው። «ሃሳቡ» እንለዋለን፣ ከሃሳብ በቀር ሥራ ስለማያውቅ። ከተማ ነው የሚኖረው። አፉ ጤፍ ይቆላል፣ እጁ ግን አንድ ሚስማር መትቶ አያውቅም።

የቧንቧ ውሃው ያለው ታች፣ ከኮረብታው ሥር ነው። የእርዳታ ድርጅቱ ችግራችንን አየና፣ መሐንዲስ እንደመላክ፣ በስልክ ውድድር ከፈተ። መፍትሔውን ሕዝብ ያምጣ፣ ሕዝብ ይምረጥ ተባለ። ጥሩ፣ ሕዝብ አመጣ። እዚሁ መጠለያ ያለች ልብስ ሰፊ «ቧንቧውን ወደ ላይ ሳቡልን» ብላ ጻፈች፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ሃሳቡ ደግሞ መሬት ለመሬት እየተንከባለለ የሚጎተት በርሜል ሥሎ ላከ። ሥዕሉ ላይ አንዲት ቆንጆ ልጅ ሜዳ ለሜዳ እየሳቀች ትጎትተዋለች። እናቱ ኮረብታ ላይ እንደሚኖሩ የሚያውቅ ሰው እኮ ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው የሚመርጠው ሃሳብ አይደለም፣ ዘመድ ነው። እማማ እያነከሱ በየበሩ ዞሩ፤ «ስልካችሁን ለልጄ አንድ ጊዜ ንኩልኝ» እያሉ። ማን እምቢ ይላቸዋል? ልብስ ሰፊዋ ራሷ በይሉኝታ እሱን መረጠች።

በርሜሉ መጣ። ባዶውን እሺ ይላል። ሲሞላ ግን ሽቅብ አልሄድም ብሎ ጎታቹን ይዞት ቁልቁል ይወርዳል። ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም ቆሻሻ ልብስ ማጠራቀሚያ አደረገው።

ከዚያ የድርጅቱ ሠራተኛ መጣች። ጨዋ ልጅ ናት፣ አልዋሽም። እማማ ደጃፍ ቁጭ ብላ፣ «በርሜሉ ካልሠራ በተረፈው በጀት ቧንቧውን ወደ ላይ እንስባለን። ከሠራ ግን በጀቱ ለሌሎች መጠለያዎች በርሜል ይገዛበታል። እውነቱን ይንገሩኝ፣ እናቴ» አለቻቸው። አብሯት ከከተማ የመጣው ሃሳቡ ከኋላዋ ቆሞ በስልኩ ይቀርጻል። እናቱን በዓይኑ ጠቀሳቸው።

ልናገር አፌን ስከፍት እማማ እጄን ጨበጥ አደረጉኝ።

«በጣም ጥሩ ነው» አሉ። «ልጄ አይደል ያሰበው? እንደ ልብ ይሄዳል።»

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። እኔ ሌባም አይቻለሁ፣ ሰካራምም አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ሰው ንቄ አላውቅም። ሃሳቡ የእናቱን ግንባር ስሞ፣ በድርጅቱ መኪና ወደ ከተማው ተመለሰ። ሊሸልሙት ነው አሉ።

አመሻሽ ላይ በሬ ተንኳኳ። እማማ ባዶ ጀሪካን ይዘው ቆመዋል።

«የኔ ልጅ፣ ታች ትወርጂልኛለሽ?»

«እውነቱን ቢነግሯት ኖሮ እኮ ውሃው ደጃፍዎ ይመጣ ነበር» አልኳቸው። ተናድጄ ነበር።

«አውቃለሁ» አሉ፣ ጀሪካኑን እያቀበሉኝ። «ግን ምን ላድርግ? እሱ እኔን ሊያይ የሚመጣው እኮ ሲሸለም ብቻ ነው።»

ተቀበልኳቸውና ወረድኩ።