ልጓም

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ መቀሱ ቢያርፍ አፉ አያርፍም ነበር። በወረርሽኙ ጊዜ በገዛ እጄ የሰፋሁለትን ማስክ፣ «ፈረስ ነኝ እንዴ ልጓም የምታስሪብኝ?» ብሎ ወረወረው።

«ለራስህ ባታስብ ለእማዬ አስብ!» አልኩት።

«ቀኑ ሳይደርስ የሚሞት የለም።»

ሳምንት ሳይሞላ እማዬ ትንፋሽ አጥሯት ሞተች። ማን እንዳመጣባት አይታወቅም። እኔም ብሆን ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደረት ስለካ የማላቅፈው ሰው አልነበረም። ከቀብር ስንመለስ ግን በሰው ሁሉ ፊት «ገደልካት!» ያልኩት እሱን ነው።

ይኸው ክልከላው ከተነሳ ሦስት ዓመቱ። ያንን ማስክ አጥልቆ፣ ቃል ሳይተነፍስ ፀጉር ሲቆርጥ ይውላል። ያኔ አድርግ ብዬ ለመንኩት፤ ዛሬ አውልቅ ብዬ እለምነዋለሁ። አሁንም አይሰማኝም።