የባለጋሪ እግር

ከአሰላው ሰፈራችን ፓይለት ይወጣል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም፤ ዛሬ ግን ሁሉም «እኔ ድሮም ተናግሬያለሁ» ባይ ነው። ፓይለቷ ኢፍቱ ናት፣ የባለጋሪው የጋሽ ገረሱ ልጅ። አባቷ ወገባቸውን ሲታመሙ ጋሪውን እሷ እየነዳች ቤቱን አቁማለች። በረራ ማሠልጠኛ ስትገባ «ከጋሪ ወደ ሰማይ! መሀል ላይ ባጃጅ የለም እንዴ?» ብለን ሳቅንባት። ደጋግ ጎረቤቶች ነን።

ባለፈው ቅዳሜ ዴራ አጠገብ ባለ የኮረት ማረፊያ ሜዳ ላይ ተፈተነች። ካለፈች ብቻዋን ትበራለች፤ ከወደቀች ትሰናበታለች። ሰፈሩ በሙሉ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሊያይ ሄደ፤ ያለ እኛ ፈተና መቼ ይሆናል?

አይሮፕላኗ ትንሽ ናት። ሦስተኛዋ ጎማ ጭራዋ ሥር ስለሆነች መሬት ላይ ስትሮጥ ኋላዋ መዞር ያምረዋል። በፔዳል ግራ ቀኝ፣ በቀስታ እየነካኩ ማቅናት ነው። ኢፍቱ አስተማሪዋን ሰኢድን ከኋላ አስቀምጣ ቆንጆ አድርጋ አረፈች። የዴራ ነፋስ ግን ከጎን መጣና ጭራው ሸሸ። ልጅቱ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሁለት እግሯን ቸክላ፣ ወደ ኋላ ተለጥጣ መሪውን ሳበች። ባለጋሪ የደነበረ ፈረስ የሚያቆመው እንዲህ ነው። አይሮፕላኗ አቧራ ውስጥ ተሽከርክራ ፊቷን ወደ መጣችበት አዙራ ቆመች።

እኛ እልልታውን አቀለጥነው። ለእኛ ክብር ያዞረችው መስሎን ነው።

ሰኢድ ላብ በላብ ሆኖ ወረደ። «ከኋላ እታገላለሁ፣ እግሯ ንቅንቅ አይልም! ማነው እንዲህ ያስተማራት?»

ጋሽ ገረሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔ ነኝ ጌታዬ። ፈረስ ሲደነብር እግርሽን ቸክለሽ ሳቢ ያልኳት እኔ ነኝ። እሷን አታባርሩብኝ።»

ሰኢድ ላቡን ጠረገ። «እንግዲያው መካኒኩ አይሮፕላኗን መርምሮ እስኪጨርስ ያስረሷት። አንድ ዕድል ነው።»

ጋሽ ገረሱ ልጃቸውን የአይሱዙው ደረጃ ላይ አስቀመጧት። በዚያ ወገባቸው መሬት ቁጭ ብለው ሁለት መዳፋቸውን ጫማዋ ሥር አደረጉ። «በይ እርገጪ። ግን እንዳታሳምሚኝ።» ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። እኛ አንገታችንን ደፋን፤ የሚያስቅ ነገር አጣን።

ሁለተኛ ጊዜ ስታርፍ አይሮፕላኗ ቀጥ ብላ ሄዳ ቆመች። እልል ያለ የለም። ጎረቤታችን እትዬ የሻረግማ «የቅድሙ ይሻል ነበር» አሉ።

ኢፍቱ ወርዳ በቀጥታ ወደ አባቷ ሄደች። «አባዬ፣ አሳመምኩዎት?»

«ምንም አልተሰማኝም» አሉ ጋሽ ገረሱ፣ እያለቀሱ።