ለአክስቴ ቲማቲም የመጣው ዩሪያ

እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው አክስቴ የደወለችልኝ። ከተማ፣ አወቱ መንደራ በሚባለው ሰፈር በተከራየኋት ክፍል በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ሰላምታ አላረዘመችም።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ቲማቲሙ የፈላ ውኃ የተደፋበት መስሏል። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ሊያዩት ይመጣሉ። ድረሽልኝ» አለች።

አክስቴ የምትኖረው አጋሮ አጠገብ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ ከቤታቸው በታች ያለውን መሬት ታናሽ ወንድሙ ጫት ሊተክልበት ፈለገ፤ እሷ ደግሞ አትክልት። የሰፈሩ ሽማግሌ መሃል ገቡና አንድ ምርት ትሞክር አሉ። ከያዘላት መሬቱ በእጇ ይቆያል፣ ካልያዘላት ጫት ይተከልበታል። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ስለ ሰብል ስለሆነ ችግኙን ስታዛውር አግዣት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የማውቀው በስልክ የምትነግረኝን ብቻ ነበር፤ ቅጠሉ አምሯል፣ አልሐምዱሊላህ።

ሚኒባሱ እኩለ ቀን ገደማ አደረሰኝ። የዝናቡ ወቅት ገና አልወጣም። ማሳው ከላይ ሲያዩት ለምለም ነው፤ ጎንበስ ስል ግን የታችኛው ቅጠል ውኃ እንደጠጣ ጨርቅ ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ገልበጥ ሳደርገው በጀርባው ዱቄት የመሰለ ነጭ ሻጋታ አለ። ፍሬውም ሳይበስል ቡናማ ሆኖ ደድሯል። ዋግ የሚባለው በሽታ ነው። ቅጠሉ እርስ በርሱ ከመጠላለፉ የተነሳ በዚያ ሰዓት እንኳ እጄን አርጥቦታል።

ከቦዩ አጠገብ ያለው የመጨረሻ መደብ ግን ሌላ ነበር። አጭር ነው፣ ፈዘዝ ያለ ነው፣ በመሃሉ ንፋስ ያልፋል። እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ቢኖርበትም ፍሬው ጤነኛ ነው።

«ይኼኛውስ ምን ሆኖ ነው?» አልኳት።

«እሱ ምስኪን ነው፤ ዩሪያው አልደረሰውም።»

«የምን ዩሪያ?»

የባሏ ወንድም ለበቆሎው ከገዛው ማዳበሪያ ላይ ግማሹን አምጥቶ እንደሰጣት ያን ጊዜ ነገረችኝ። ሁለት ጊዜ ጨምራለታለች። በእኛ አገር ለቡና ማዳበሪያ የሚገዛ ሰው የለም፤ ሰው ዛፍን የሚለካው በቅጠሉ ነው፣ ቅጠሉ በልምላሜ የጠቆረ ዛፍ የተመቸው ዛፍ ነው። ቲማቲሙንም በዚያው ዓይን አዩት። ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ ማሻአላህ ይላት ነበር።

ሽማግሌው ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ፤ የባሏ ወንድምም አብሯቸው ነበር። ከሠላሳ ብዙም ያላለፈ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው።

«አንቺ ሴት፣ ቲማቲም ተክለሽ ጫካ አበቀልሽ እኮ» አሏት ሽማግሌው አክስቴን። «ዝንጀሮ ቢደበቅበት ማን ያገኘዋል?»

«ዝንጀሮውም ቢሆን በሽታውን ፈርቶ አይገባም» አለ ወንድምየው። አክስቴ አልሳቀችም።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ተምረሻል። ጥፋቱ የእጇ ነው ወይስ የአላህ ሥራ?»

ሰው ፊት መናገር አልወድም። መሬት መሬቱን እያየሁ፣ አክስቴ ጥሩ ገበሬ መሆኗ እንዲታወቅላት ብቻ እያሰብኩ ተናገርኩ። ዝናቡም አለበት አልኩ፤ ያከፋው ግን ዩሪያው መብዛቱ ነው። ዩሪያ ብቻውን ሲበዛ ተክሉ ቅጠል ያወጣል፣ ቅጠሉም ለጋና ስስ ይሆናል፤ ሲጠላለፍ ጤዛው ሳይደርቅ ይውላል፣ ሻጋታውም የሚፈልገው ይኼንኑ ነው። ተክሉ የሚፈልገው ሌላውም ምግብ በልኩ መጨመር ነበረበት። ከዚያ ወደ ቦዩ ወስጄ ምስኪኑን መደብ አሳየኋቸው።

«ዱጋ ነው፣ እውነት ብላለች» አሉ። ቀጥለውም ጠየቁ። «ዩሪያውን ማን ሰጣት?»

«እኔ ነኝ» አለ ወንድምየው።

«ጫቱንም የምትፈልገው አንተ ነህ።»

የተናገርኩት ምን ሆኖ እንደተሰማ የገባኝ ያኔ ነው። «እሱ አላወቀም፣ ማንም ሰው በቅንነት…» ብዬ ጀመርኩ። ድምፄ ስለማይወጣ ዞር ብሎ ያየኝ አልነበረም።

«ወላሂ እንዲያምርላት ነው» አለ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር። «ለእሷ ብዬ የእኔ በቆሎ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። ሂዱና እዩት።»

ሽማግሌው አክስቴ አንድ ምርት ጨምራ ትሞክር ብለው ፈረዱ። ለአፍታ ደስ አለኝ። የፈለግነው እሱን ነበርና።

«አይሆንም» አለች አክስቴ። «የሰጠኝን ሰው ስም አጥፍቼ ቲማቲም አልተክልም። መሬቱን ይውሰድ።»

«ተይ እንጂ፣ ነገ የሚቆጭሽን» አሏት።

«ብያለሁ።»

ወንድምየው እሺም እንቢም ሳይል ሄደ። እኛ ብቻ ስንቀር፣ «አክስቴ፣ እውነቱን እኮ ነው የተናገርኩት» አልኳት።

«አውቃለሁ ልጄ። ለእኔ ለብቻዬ ብትነግሪኝ ግን እኔ ማንንም ሳይነካ በመልኩ አደርሰው ነበር።»

ይህን ያለችኝ ሳትቆጣ ነው፤ ስለዚህ ይሆናል እስከ ዛሬ የማልረሳው። የተክል በሽታ ስንማር ምክንያቱን ፈልጉ እንባል ነበር፤ ምክንያቱም ናይትሮጅን ነው፣ እርጥበት ነው፣ ሻጋታ ነው። አጋሮ ላይ ግን ናይትሮጅኑን ተሸክሞ ያመጣ ሰው ነበረ፣ እሱም አጠገቤ ቆሞ ነበር። ያልኩት ሁሉ ትክክል ነበር። ሌላ እውነት መናገር እችል ነበር ብዬ አላስብም፤ ሌላ ሰዓትና ሌላ ቦታ ግን ነበረ።

በማግስቱ ጠዋት አክስቴን ሳልቀሰቅስ ወደ ወንድምየው ቤት ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ፣ «ሆን ብለህ ነው ማለቴ አልነበረም» አልኩት።

«ገብቶኛል» አለ። «ቁርስ በልተሻል?»

በልቻለሁ ብዬ ዋሸሁት። የታመመውን ተክል ነቅዬ እንድቀብር ዶማ እንዲያውሰኝ ጠየቅኩት። ከጓሮ አምጥቶ ሰጠኝ፤ አብሮኝ ግን አልመጣም። ወደ ማሳው ወረድኩና በጣም ከጠቆረው ጀምሬ መንቀል ያዝኩ።